ሁለት መምህር፣ አንድ ዋስ

ወገን፣ ዛሬ ከሁለት በሬዎች ጋር ተወዳድሬ ሦስታችንም ወደቅን!

ቀልድ መስሏችሁ እንዳታልፉት። ቁጭ በሉና ስሙኝ። ቆማችሁ የምታነቡ ካላችሁ ግድግዳ ተደገፉ።

መጀመሪያ ያንን ፎቶዬን አስታውሱልኝ። ባለፈው ሰሞን በሰርግ ሱፌ ተሽሞንሙኜ፣ የጉናን ተራራ ከኋላዬ አድርጌ የለጠፍኩትን። ከሥሩ «የመምህር ዋጋ በደሞዝ አይለካም!» ብዬ የጻፍኩበትን። ላይኩ ዘነበ፣ ሼሩ ዘነበ። አንዳንዶቻችሁማ ፕሮፋይል ፒክቸር አድርጋችሁታል።

ዛሬ ተለካሁ።

በምን? በደሞዝ!

ለአዲስ ፎሎወሮች፦ አበባው እባላለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ትዕቢተኛ አይደለሁም፤ ራሴን ግን አውቃለሁ። ሒሳብ ጠልቶ ክፍሌ የገባ ልጅ ወድዶት እንደሚወጣም አውቃለሁ። ባለቤቴ አትጠገብ «አንተ ፊቱ ስትቆም መስታወቱ ይደክመዋል» ትለኛለች። ቅናት ነው።

አትጠገብ ስፌት ትችላለች፤ እጇ ወርቅ ነው። የስፌት መኪና መግዣ ብድር ጠይቃ ዋስ አጥታ ከተቀመጠች ግን ከርማለች። ባል ለሚስቱ ዋስ መሆን አይችልም አሏት። እኔም «ደንቡ ባይከለክል ኖሮ እኔ አለሁልሽ ነበር» እያልኩ ስጽናና... ይቅርታ፣ ሳጽናናት ኖርኩ።

ደብረ ታቦር ከመግባቴ በፊት የማስተምረው ጉና ሥር፣ አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ብርዱ ጠመኔ አያስጨብጥም። ክብሩ ግን! እዚያ አገር መምህር ማለት ዋስ ማለት ነው። የገብስ ዘር የሚበደር ሰው «መምህሩን እጠራለሁ» ይላል። የሰው በግ አጥር ጥሶ ማሳ ቢያጠፋ፣ ሽማግሌዎቹ ባለበጉን «ዋስ ጥራ!» ሲሉት የሚጠራው እኔን ነው። አንድ ጊዜማ ሁለት ተካሳሾች እኔን ዋስ ለማድረግ ተሻምተው ሌላ ጠብ ተነስቷል። ሽማግሌዎቹ እኔን ለማካፈል ሌላ ቀን ተቀመጡ።

በዚያ ሁሉ ዘመን ደሞዜን የጠየቀኝ ሰው የለም። ስሜ ይበቃ ነበር።

ይህን ያዙልኝ። የዛሬው ውርደቴ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ጉና ካስተማርኳቸው ልጆች አንዷ ትርንጎ ናት። አባቷ አያ ደምሌ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ልጅቷ በሒሳብ እሳት ነበረች። ክፍልፋይ ያስተማርኳት እኔ ነኝ! ዩኒቨርሲቲ ገብታ አካውንቲንግ ተምራ በጥሩ ውጤት ተመረቀች።

ከዚያስ?

ከዚያማ እንደ ብዙዎቹ ቤት ተቀመጠች። ድንች ስትለቅም፣ ማስታወቂያ ስታነብ፣ ፈተና ስትፈተን፣ «እንደውላለን» ሲሏት ስትጠብቅ ከረመች።

ሰሞኑን ግን ተሳካላት! አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም (ስሙን አልጠራም፤ ምንም አላጠፉም) ለገንዘብ ያዥነት ያወጣውን ፈተና አንደኛ ሆና አለፈች። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዋስ።

የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዛሬ ነው። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ዋስ ካላቀረበች ተጠባባቂው ይጠራል። አለቀ።

ትናንት መምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ እየጠጣን ስልኬ ጮኸ። ትርንጎ ናት። ድምጿ እንባ እንባ ይላል።

«ቲቸር፣ ዋስ አጣን። አጎቴም እሺ ብሎ ነበር፤ አሁን ስልክ አያነሳም።»

እኔ ሆዬ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ስልኩን ላውድስፒከር ላይ አደረግሁት። ሁሉም ይስማ ብዬ! ከዚያ ጉሮሮዬን ጠርጌ፦

«እኔ እያለሁ ዋስ ጠፋ ትያለሽ?»

የአማርኛ መምህራችን ጌጤነሽ ከጥግ ቀና አለች። ከእሷ ጋር ከተኳረፍን ቆይተናል። የጠዋት ክፍለ ጊዜዋን ወስደህብኛል ትላለች። እውነት ነው፤ ወስጃለሁ። ጠዋት ልጆቹ ንቁ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ በመስኮት ስትገባ የኋላው ወንበር በሙሉ ይተኛል። ሒሳብ ደግሞ ተኝተው የሚሰሙት ነገር አይደለም።

«ስንት ደሞዝ እንደሚጠይቁ አጣርተሃል?» አለች ጌጤነሽ፣ ወደ እኔ ሳታይ።

«ጌጤ፣ ዋስነት በስም ነው!» አልኳት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የተባለው ለእኔ ነው።

ዛሬ ጠዋት ያንኑ ሱፍ ለበስኩ። ርዕሰ መምህሩ የደሞዝ ማረጋገጫ ደብዳቤዬን ጽፈው፣ ማህተም አሳርፈው ሰጡኝ። ፖስታውን ከፍቼ እንኳን አላየሁትም። ደሞዜን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አጭር ስለሆነ ለመሸምደድ አይከብድም።

ቢሮው በር ላይ ትርንጎና አያ ደምሌ ቆመዋል። አያ ደምሌ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ጎህ ሳይቀድ ከጉና ተነስተው ነው የመጡት። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«መጣህልን መምህር! እኔማ ብያታለሁ። መምህሩ እያለ ምን ያስለቅስሻል አንች ልጅ ብያታለሁ።»

ደረቴ ሱፉን ሊተረትረው ምንም አልቀረው።

ገባን። የሰው ኃይል ባለሙያዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ሃያት! እዚሁ ደብረ ታቦር ያስተማርኳት፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጥ የነበረችው ሃያት።

«ቲቸር!» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» ብላ ወንበር ሳበችልኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

በልቤ «ይኸው! ይህን ደሞዝ ይገዛዋል?» አልኩ።

አያ ደምሌ ግን እኔን ማስቸገሩ ከብዷቸው ኖሮ ቀደሙኝ። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብለው፦

«ልጄ፣ መምህሩ ሥራ አለበት። እኔ ሁለት በሬ አለኝ። እንዲህ ያሉ በሬዎች አይተሽም አታውቂ። እነሱን ዋስ ያዥልኝ።»

ሃያት ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አባቴ፣ በሬ የደሞዝ ደብዳቤ የለውም እኮ።»

እኔ ሳቅሁ። ከልቤ ነው የሳቅሁት! የአያ ደምሌን ትከሻ መታ መታ አድርጌ «አያ ደምሌ፣ ይህ ዘመናዊ አሠራር ነው። ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው።

ይህችን ሳቅ እንዳትረሷት።

ፖስታዬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሃያት ከፈተችው። አነበበች። መልሳ አነበበች። ከዚያ ፊቷ... እንዴት ልንገራችሁ? ያላጠናችው ጥያቄ ፈተና ላይ ሲመጣባት ታሳየኝ የነበረችው ፊት ናት። ለይቼ አውቃታለሁ።

ወደ እኔ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ፦

«ቲቸር... ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዋሱ ደሞዝ ከተቀጣሪዋ ደሞዝ ማነስ የለበትም። ደንብ ነው።»

«እና?»

«የእርስዎ ያንሳል።»

ክው!

አያ ደምሌ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል። «ምን አለች?» አሉ።

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ፣ እግዜር ይስጠውና፣ ማስረዳት ይወዳል። ጦር ሜዳ ያለ ይመስል ጮክ ብሎ፦

«የመምህሩ ደሞዝ አይበቃም ነው የምትልዎት፣ አባት!»

ወረፋው ሰማ። ገንዘብ ሊያስገቡ የመጡት ሰሙ። ውጭ ጫማውን የሚያስጠርግ ሰውዬ በመስኮት አንገቱን አስግጎ አየኝ። በሰርግ ሱፌ ነኝ እኮ! ቢያንስ በሹራብ ብሄድ ምን ነበረበት?

አያ ደምሌ አዘኑ። ለልጃቸው አይደለም፤ ለእኔ! «ምነው መምህር? ያን ሁሉ ዘመን አስተምረህ?» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

የቅድሟን መታ መታ ከነወለዷ መለሱልኝ።

እስቲ አሁን አስቡት። ሒሳብ አይዋሽም። ትርንጎ ገና አልተቀጠረችም። የምትቀመጥበትን ወንበር እንኳን አላየችውም። የመነሻ ደሞዟ ግን ይህን ያህል ዓመት የጠመኔ አቧራ ከዋጥኩት ከእኔ ይበልጣል። ክፍልፋይ ያስተማርኳት ልጅ! እሷ ሙሉ ቁጥር ሆነች፤ እኔ ክፍልፋይ ሆኜ ቀረሁ።

ለእሷ በዛ አላልኩም! እንዳትሳሳቱ። ይጨመርላት። የሰው ገንዘብ መያዝ ኃላፊነት ነው።

ግን እኔስ የያዝኩት ምንድን ነው? ቅዳሜና እሁድ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። የታመመ ልጅ ቤት ሄጄ እጠይቃለሁ። ከትምህርት የቀረችውን ልጅ አባቷን ገበያ ውስጥ አሳድጄ እለምናለሁ። «ቲቸር፣ አልገባኝም» ያለኝን ልጅ ለምሳ ስወጣ በር ላይ አስረዳለሁ፤ ምሳዬ ይቀዘቅዛል። ይህን ሁሉ የሚያየው የለም። ደብዳቤው ላይም አልተጻፈም። ደብዳቤው ላይ ያለችው ያቺው አጭሯ ቁጥር ናት።

ትርንጎን ሳያት ግን ፍልስፍናዬ ሁሉ ጠፋ።

ጥግ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። አላለቀሰችም። ከማልቀስ የባሰ ነገር አደረገች። «ግድ የለም ቲቸር። ስለመጡልኝ አመሰግናለሁ» አለችኝ። የድንች ማሳው እየታያት እንደሆነ ገባኝ። ልጅቷ ፈተናውን አልፋለች እኮ! የወደቅሁት እኔ ነኝ። በእኔ መውደቅ እሷ ለምን ትመለስ?

እኔ ደግሞ መውደቅ አልለመድኩም።

«ሃያት፣ አንዱ ካልበቃ ሁለት ቢሆንስ?»

«እንዴት ማለት ቲቸር?»

«ሁለት መምህር። ድምር ነዋ! አስተምሬሻለሁ።»

ሃያት ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገባች። ቆየች። በጣም ቆየች። ስትወጣ ፈገግ ብላለች።

«በጋራ ከሆነ ይቻላል ብለዋል። ሁለት ቋሚ ሠራተኛ፣ ደሞዛቸው ተደምሮ። ግን እስከ አስራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።»

ይኸውላችሁ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። መምህርም ቢያብር አንድ ሰው ይወጣዋል!

ደብዳቤዬን ይዤ በባጃጅ ወደ ትምህርት ቤት በረርኩ። ማረፊያ ክፍሉን በርግጄ ገብቼ፦

«የተከበራችሁ መምህራን፣ ግማሽ ዋስ እፈልጋለሁ!»

ሁሉም ወደ ሻይ ብርጭቆው አቀረቀረ።

አንዴ ዋስ ሆኖ የፈረመ ሰው ያንን ሳያወርድ ለሌላ አይፈርምም፤ ይህም ሌላው ደንብ ነው። የፊዚክሱ ለወንድሙ ፈርሟል። የጂኦግራፊው ለሚስቱ እህት። የስፖርቱ መፈረሙን እንጂ ለማን እንደፈረመ አያስታውስም። የኬሚስትሪው ደግሞ የፈረመለት ሰው ጠፍቶ ከደሞዙ እየተቆረጠበት ነው፤ «ዋስ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሻዩን ጥሎ ወጣ።

ያልፈረመ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

ጌጤነሽ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ለእኔ የደገሰልኝ ጌጤነሽን ነው!

የምታርመውን ደብተር ሳትዘጋ «ዋስነት በስም ነው ያልከው አንተ አልነበርክም?» አለችኝ።

«ነበርኩ።»

«ስምህ አልበቃም?»

«አልበቃም።»

ክፍሉ በሙሉ እየሰማ ነው። አንዱን ሻይ ያንቀው ጀመር። ቅድም ጥበቃው ያዋረደኝ ውርደት ከዚህ ጋር ሲተያይ እንደ ክብር የሚቆጠር ነው።

«ለማን ነው?» አለች።

ነገርኳት። የትርንጎን ነገር ከጉና ጀምሬ ነገርኳት። ክፍልፋዩን፣ ድንቹን፣ አጎቷን፣ «ግድ የለም ቲቸር» ያለችኝን። ጌጤነሽ ቀስ ብላ ደብተሩን ዘጋች።

«ባሌ ለሰው ከፈረምሽ ቤት እንዳትገቢ ብሎኛል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ለአንተ ቢሆን ብዕሬን አላነሳም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ልጅቷ ግን ይህን ያህል ተምራ ለአንድ ፊርማ ብላ አትመለስም። ባሌን ማታ እናየዋለን።» ነጠላዋን አነሳች። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «የጠዋት ክፍለ ጊዜዬን ደግሞ ትመልሳለህ» አለች።

መለስኩ። ምን አማራጭ ነበረኝ? በዚያች ቅጽበት ቅዳሜን ጨምራ ብትጠይቀኝም እሰጣት ነበር።

ደብዳቤዋ ተጻፈ። መብራት ነበረ፤ ተአምር በሉት! ማህተሙ ግን ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ስብሰባ ሄደዋል። የት? አዳራሽ። የስብሰባው ርዕስ?

«የመምህራንን የሥራ ተነሳሽነት ማሳደግ።»

እውነቴን ነው! በሩ ላይ ባነር ተሰቅሏል። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሻይ እረፍት ላይ አገኘናቸው። አፋቸው ሳምቡሳ ሞልቶ ደብዳቤውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ፈረሙ፤ ቁልፉንም ሰጡን። «ምን አስሮጣችሁ?» አሉ።

«ተነሳስተን ነው» አለች ጌጤነሽ።

ተመልሰን ማህተሙን አሳረፍን። ልንወጣ ስንል ዝናብ! የደብረ ታቦር ዝናብ ሰው ሲቸኩል እንደሚብስ ታውቁታላችሁ። ባጃጁ ውስጥ በሁለቱም ጎን ይገባል። ጌጤነሽ ሁለቱንም ደብዳቤዎች ነጠላዋ ሥር ሸጉጣለች። ሱፌ ግን የሚሸጉጠው አልነበረውም።

መንገድ ላይ ጌጤነሽ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ፦

«አበባው፣ አንድ ሰው ለመሆን ሁለት ሆነን መሄዳችን አያሳዝንም?»

ቀልድ ፈለግሁ። ሁልጊዜ አገኝ ነበር። አላገኘሁም።

«ያሳዝናል» አልኳት።

ከተኳረፍን ወዲህ የተስማማንበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ቢሮው ሊዘጋ ሲል ደረስን። ጥበቃው ከሩቅ አየን። ከውጭ ሆኖ ወደ ውስጥ፦

«አባት! ዋሱ ሞልቷል!»

ሃያት ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርጋ በካልኩሌተር ደመረች። እኔ ገና ባጃጁ ውስጥ በቃሌ ደምሬዋለሁ። የሒሳብ መምህር ነኝ! ግን በሕይወቴ የደመርኩትን ያላመንኩት ዛሬ ብቻ ነው። ቁልፉን ስትጫን ትንፋሼን ያዝኩ። ትርንጎም ይዛለች። አያ ደምሌ ዱላቸውን ጨብጠዋል።

«ይበቃል!» አለች ሃያት።

ጌጤነሽ እልል አለች! ቢሮ ውስጥ! ጥበቃው «እዚህ አይቻልም» ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

ፈረምን። እኔ ዋስ፣ እሷም ዋስ። አያ ደምሌ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን። «እግዜር ብድራችሁን ይክፈላችሁ። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁ። ስማችሁን ከፍ ያድርገው» ካሉ በኋላ ትንሽ አሰቡና «ደሞዛችሁንም» ብለው ጨመሩ።

አሜን! እንዲህ ያለ አሜን ብዬ አላውቅም። ሃያትም ከጠረጴዛዋ ኋላ ስትል ሰምቻታለሁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኮራ ብዬ ቤቴ እገባ ነበር። አላለቀም።

ስንወጣ ትርንጎ ከኋላዬ ሮጣ ደረሰችብኝ። የቅጥር ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛዋለች።

«ቲቸር፣ እትዬ አትጠገብ ለስፌት መኪናው ብድር ዋስ አገኙ?»

«አላገኘችም።»

«የሙከራ ጊዜዬን ልጨርስና እኔ እሆንላቸዋለሁ።» ከዚያም በሙሉ ልብ፦ «የኔ ደሞዝ ይበቃል።»

በቅንነት ነው ያለችው። ፊቷ ላይ ኩራት የለም። ጥያቄውን በትክክል መልሳ ሰሌዳው ጋ ቆማ «ጎበዝ» እስክላት የምትጠብቅ የድሮዋ ተማሪዬ ናት።

«ጎበዝ» አልኳት። ዓይኔ ውስጥ የገባው ዝናብ ነው በሉልኝ።

ቤት ገብቼ ሱፌን እያንጠባጠብኩ ለአትጠገብ ሁሉንም ነገርኳት። በበሬዎቹ ሳቀች። በጥበቃው እስክትታመም ሳቀች። ትርንጎ ያለችውን ስነግራት እጇ ላይ የነበረውን መርፌ አስቀመጠች። «እና መኪናው ይመጣል ማለት ነው?» አለችኝ።

ይመጣል። በተማሪዬ ዋስትና።

አሁን ኮሜንት ላይ «ደሞዙ ካነሰህ ሥራ ቀይር» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልቀይርም! ይህን ሥራ ከእኔ በላይ የሚችለው የለም፤ ተናግሬያለሁ። ደሞዜ ተገቢ ነው ወይ? አይደለም። ይህን በሹክሹክታ አልልም፤ ጥበቃው አንዴ ጮሆልኛል። ሥራውን መውደዴ ሌላ፣ ልኬን ማጣቴ ሌላ። ሁለቱን የሚያምታታብኝ ሰው ክፍሌ ይምጣና ከመደመር ይጀምር።

ያን ፖስት አጥፋው ያላችሁኝ ጓደኞቼ፣ አላጠፋሁትም። ኤዲት ነው ያደረግሁት። አሁን እንዲህ ይላል፦ «የመምህር ዋጋ በደሞዝ አይለካም። ከተለካ ግን ሁለት ሆናችሁ ኑ።»

ነገ ደግሞ የጠዋቱ ክፍለ ጊዜ የጌጤነሽ ነው። እኔ ከሰዓት ነኝ። ያው እንደምታውቁት የኋላው ወንበር በሙሉ ተኝቶ ይጠብቀኛል። እስከ ዛሬ ጠረጴዛውን መታ እያደረግሁ «ተነሱ፣ የምትማሩት ለራሳችሁ ነው!» እላቸው ነበር።

ውሸቴን ነው። ከነገ ጀምሮ እውነቱን ነው የምነግራቸው፦

«ተነሱ ዋሶቼ! ለእኔ ስትሉ ተማሩ!»